ባለ መንታ ግንድ ዛፍን በብረት ገመድ መደገፍ፦ የአሠራር መመሪያ

ክረምት ሊገባ ሲል በተደጋጋሚ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «የግቢያችን ዛፍ ከባላው ላይ ሊሰነጠቅ ይመስላል፤ በሽቦ ጠምጥመን ብናስረው ይተርፋል ወይ?» በሽቦ ጠምጥሞ ማሰር ዛፉን ቀስ በቀስ ያንቀዋል እንጂ አያተርፈውም። በትክክለኛው ከፍታ ላይ የተወጠረና ግንዱን ከዳር እስከ ዳር ዘልቆ በሚያልፍ ቡሎን የተያዘ የብረት ገመድ ግን ብዙ መንታ ዛፎችን ለረጅም ዓመታት አቆይቷል። ይህ መመሪያ ያንን ሥራ ከምርመራው እስከ ዓመታዊ ክትትሉ ድረስ በቅደም ተከተል ያሳያል።

ማብራሪያው እንዲጨበጥ አንድ ዛፍ እንደ ምሳሌ እንያዝ። በአዲስ አበባ ግቢ ውስጥ የቆመ ጃካራንዳ ነው፤ ቁመቱ 10.5 ሜትር ሲሆን ከመሬት 1.5 ሜትር ላይ በውፍረት ለሚቀራረቡ ሁለት ግንዶች ተከፍሏል። ለዋንዛ፣ ለወይራ፣ ለሐበሻ ጽድ ወይም ለአቮካዶም አካሄዱ ያው ነው፤ ልዩነት ባለበት ቦታ ላይ እጠቅሰዋለሁ።

ገመዱ የሚሠራውንና የማይሠራውን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ነፋስ ሲነሳ ሁለቱ ግንዶች በአንድ ምት አይወዛወዙም፤ አንዱ ወደ ግራ ሲሄድ ሌላው ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ባላውም በእያንዳንዱ ውዝዋዜ በጥቂቱ ይከፈታል። ገመዱ ግንዶቹ ከተወሰነ ርቀት በላይ እንዳይራራቁ ይገድባል። የደከመውን ባላ ግን አያድንም፣ የበሰበሰ እንጨትንም አይተካም። ስለዚህ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም፤ ዛፉ ሕፃናት በሚጫወቱበት ወይም ሰው በሚተኛበት ክፍል ላይ ያዘነበለ ከሆነ ይህን ከመወሰንዎ በፊት በጥብቅ ያስቡበት።

ከሁሉ የሚቀድሙ ማስጠንቀቂያዎች

ሥራው የሚከናወነው ከመሬት ብዙ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በሁለት እጅ መሣሪያ ይዞ ነው። ዛፍ ላይ በገመድና በደኅንነት ቀበቶ ታስሮ መሥራት ያልሠለጠነ ሰው ከመሰላል ላይ ሆኖ አይሞክረው። እርስዎ ራስዎ የማይወጡ ቢሆንም እንኳ የሚያሠሩትን ሰው ሥራ ለመቆጣጠር ይህ መመሪያ ይጠቅምዎታል።

የኤሌክትሪክ መስመር በዛፉ ውስጥ ወይም በአቅራቢያው የሚያልፍ ከሆነ ሥራውን አይጀምሩ። የብረት ገመድ ረጅም ነው፣ ሲጎተትም ይወራጫል፤ ሽቦውን ለመንካት አንድ ስሕተት ይበቃዋል። አስቀድመው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት መስመሩን እንዲያቋርጥ ወይም እንዲያነሳ ያመልክቱ። ዛፉ የመንገድ ዳር ወይም የጋራ ግቢ ንብረት ከሆነ ደግሞ ከሚመለከተው አካል ፈቃድ ይጠይቁ።

ብቻዎን አይሥሩ። ከታች የሚቆመው ረዳት ሄልሜት ያድርግ፣ ከሥራው ቀጥታ ሥርም አይቁም። ደመና ሲያጉረመርም ወይም ነፋስ ሲበረታ ይውረዱ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

መጠኖቹ የምሳሌው ዛፍ ናቸው፤ ቡሎኑ በሚገባበት ከፍታ ላይ የእያንዳንዱ ግንድ ውፍረት 18 ሴንቲ ሜትር ነው ብለን እንነሣ።

- ባለ ቀለበት ቡሎን፣ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 2። የጥርሱ ክፍል ርዝመት ከግንዱ ውፍረት ቢያንስ በ5 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ። ቀለበቱ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ መሆን አለበት።
- ለእያንዳንዱ ቡሎን አንድ ወፍራምና ክብ ሮንዴላ (ከዳዶው ሥር የሚገባ ጠፍጣፋ ቀለበት)፣ ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ እንዲሁም ሁለት ሁለት ዳዶ።
- 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውና በዚንክ የተለበጠ የብረት ገመድ፣ ርዝመቱ በሁለቱ ቡሎኖች መካከል ካለው ርቀት በ1 ሜትር የሚበልጥ።
- ገመዱ በቀለበቱ ውስጥ ሲታጠፍ የሚቀመጥበት፣ ዙሪያውን ቦይ ያለው የእንባ ቅርጽ ብረት፣ 2። ከዚህ በኋላ «ቦይ ብረት» እለዋለሁ።
- ለ10 ሚሊ ሜትር ገመድ የተሠራ የገመድ ክላምፕ፣ 6።
- አነስተኛ ፓራንኮ (ከባድ ነገር መሳቢያ) ወይም ባለ ማጥበቂያ የጭነት ቀበቶ፣ እንዲሁም ቅርፊት የማይቆርጡ ሁለት ሰፋፊ የጨርቅ ቀበቶዎች።
- ባለ ባትሪ ትራፓኖና 14 ሚሊ ሜትር የሆነ ረጅም የእንጨት ፑንታ፣ ርዝመቱ ግንዱን አልፎ የሚወጣ።
- ቺያቬ፣ ማርቴሎ፣ ሰጌቶ (የብረት መጋዝ)፣ ስለታም ስካርፔሎ (መሮ)፣ ሜትር፣ ሲባጎ፣ ጠመኔ።
- ሄልሜት፣ የዓይን መከላከያ፣ ጓንት፣ የመውጫ ገመድና የደኅንነት ቀበቶ።

ስለ ቡሎኑ ቀለበት ጠንከር ብዬ መናገር አለብኝ። በብረታ ብረት ቤት ዘንግ አጥፈው የሚሠሩት፣ ጫፉ ከዘንጉ ጋር ያልተበየደ ቀለበት መልኩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በማዕበል ወቅት በሚመጣው ድንገተኛ ጉተታ ቀስ በቀስ ይከፈታል፣ ገመዱም ሹልክ ብሎ ይወጣል። ሲገዙ ቀለበቱን ወደ ብርሃን አድርገው ይመልከቱት፤ ጫፉ ከአንገቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የጥፍር ያህል ክፍተት ካለ አይውሰዱት። ያገለገለ የብረት ገመድም አይግዙ፤ ዝገቱ የሚጀምረው በክሮቹ መካከል፣ ከውጭ በማይታይበት ቦታ ነው።

የቡሎኑ ውፍረት በሚገባበት ቦታ ካለው የግንድ ውፍረት ከአንድ ስድስተኛ መብለጥ የለበትም። 18 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ግንድ ጣሪያው 3 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 12 ሚሊ ሜትር በሰፊው ያስኬዳል። ይህ ልኬትም ሆነ ከታች የሚመጣው የሁለት ሦስተኛ ከፍታ በአሜሪካ የዛፍ እንክብካቤ ባለሙያዎች ከሚመሩበት አንሲ ኤ300 ከተባለው ደረጃ ጋር የሚስማማ ነው።

ደረጃ 1፦ ባላውን ይመርምሩ

ባላው ላይ የሚገኘውን ቅርፊት በቅርበት ይመልከቱ። በጤናማ ባላ ላይ ሁለቱ ግንዶች በሚገናኙበት መስመር ላይ ቅርፊቱ ወደ ውጭ ተገፍቶ ሻካራ ጉብታ ይሠራል፤ ይህ ከሥሩ ያለው እንጨት እርስ በርሱ መቆላለፉን ያሳያል። በደካማ ባላ ላይ ጉብታ የለም። ቅርፊቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይገባል፣ በቢላዋ የተሰመረ የሚመስል ጠባብና ጥቁር መስመር ይታያል፣ ከመስመሩ ግራና ቀኝም ግንዱ እንደ ጆሮ ያበጠ ነው። እብጠቱ ዛፉ ራሱ ድክመቱን ለመሸፈን የጨመረው እንጨት ነው። በዚህ ዓይነት ባላ ውስጥ በግንዶቹ መካከል ያለው እንጨት ሳይሆን ቅርፊት ስለሆነ የሚያያይዛቸው ነገር በጣም ጥቂት ነው።

ቀጥሎ ስንጥቅ ይፈልጉ። ከመስመሩ ወደ ታች የሚወርድ አዲስ ስንጥቅ ውስጡ ፈካ ያለ ቀለም አለው፤ የቆየው ይጠቁራል፣ አንዳንዴም ፈሳሽ ያወጣል። በመጨረሻም ግንዱን በማርቴሎ እጀታ ዙሪያውን መታ መታ እያደረጉ ያዳምጡ፤ የባዶ ሣጥን ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ተቦርቡሯል።

ደረጃ 2፦ ገመድ ተገቢ መሆኑን ይወስኑ

የሚከተሉት ምልክቶች ካሉ ገመድ አያስሩ፦ ግንዱ ሥር ወይም ባላው ላይ እንጉዳይ በቅሏል፤ በአንድ ወገን ያለው አፈር ተነሥቷል ወይም ተሰንጥቋል፤ ቡሎን የሚገባበት ቦታ ቦርቧራ ነው። በእነዚህ ሁኔታዎች ገመዱ የሚያያይዘው ሁለት ደካማ ነገሮችን ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይዞት ይሄዳል።

ከተቆረጠ ጉቶ ዙሪያ ያቆጠቆጠ ባሕር ዛፍም ለዚህ ሥራ አይሆንም። እነዚያ ግንዶች የተያያዙት ከጉቶው ጠርዝ ጋር ነው፤ ጉቶው ሲበሰብስ መሠረታቸው አብሮ ይሄዳል። ደካሞቹን አስወግዶ አንዱን ጠንካራ ማስቀረት ይሻላል።

ዛፉ ወጣት ከሆነና ሁለቱ ግንዶች ገና እንደ ክንድ የቀጠኑ ከሆኑ ደግሞ ገመድ ማሰብ አያስፈልግም። ደከም ያለውን ግንድ በሁለት ወይም ሦስት ዓመት ውስጥ እያሳጠሩ መጨረሻ ላይ ማስወገድ ዛፉን ለዕድሜው ሙሉ ከችግሩ ያላቅቀዋል።

ደረጃ 3፦ ጫፉን ያቅልሉ

ገመድ ከመግባቱ በፊት የደረቁትን ቅርንጫፎች ያስወግዱ፤ ከዚያም ወደ ውጭ ረዝመው የተዘረጉትን ቅርንጫፎች ከጫፋቸው ያሳጥሩ። ባላውን የሚከፍተው ከሁሉ በላይ ከግንዱ ርቆ የተንጠለጠለ ክብደት ነው፤ ከጫፍ የተነሣ 10 ኪሎ ግራም ከመሐል ከተነሣው ይበልጥ ጫናውን ይቀንሳል። ሆኖም በአንድ ጊዜ ከዛፉ ሕያው ቅርንጫፍ ከአንድ አራተኛ በላይ አይቁረጡ፤ አናቱንም ጨርሰው አይግመጡት። አናቱ የተገመጠ ዛፍ በቀጣዩ ዓመት ብዙ ቀጫጭን ቡቃያ ያወጣል፣ እነዚህም ሲከብዱ በቀላሉ ይገነጠላሉ።

ጫፉን ሥራው ከተጠናቀቀ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሩ በፊት ማቅለል የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ፦ ክብደቱ ሲቀንስ ግንዶቹ ትንሽ ቀና ይላሉ፣ ቀድሞ የተወጠረው ገመድም ይላላል።

ደረጃ 4፦ ቦታውን ይለኩ

ገመዱ የሚቀመጠው ከባላው እስከ ግንዶቹ ጫፍ ካለው ርዝመት በሁለት ሦስተኛው ላይ ነው። በምሳሌያችን ከባላው እስከ ጫፍ 9 ሜትር ስለሆነ ሁለት ሦስተኛው 6 ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ ቡሎኖቹ ከባላው 6 ሜትር፣ ከመሬት ደግሞ 7.5 ሜትር ገደማ ላይ ይገባሉ።

ይህ ሥራ ከሁሉ በላይ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ሰዎች መሰላላቸው በሚደርስበት ቦታ ያስሩታል። ገመዱ ከባላው በራቀ ቁጥር ግንዶቹን ለመያዝ የሚያስፈልገው ኃይል ይቀንሳል። ከ6 ሜትር ይልቅ 3 ሜትር ላይ ቢታሰር ያንኑ ውዝዋዜ ለመግታት ሁለት እጥፍ ጉተታ ይሸከማል፤ 1.5 ሜትር ላይ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ይባስ ብሎ ከገመዱ በላይ የቀረው ረጅም ግንድ በታሰረበት ቦታ ላይ ሊሰበር ይችላል። ከሁለት ሦስተኛው በላይ መውጣትም አያዋጣም፤ ግንዱ እየቀጠነ ስለሚሄድ ቡሎኑን የመሸከም አቅም አይኖረውም። በትክክለኛው ቦታ ላይ ቅርንጫፍ ወይም ቁስል ካጋጠመዎ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ይበሉ፤ ከቅርንጫፍ መነሻ ግን ቢያንስ አንድ የግንድ ውፍረት ያህል ይራቁ።

አቅጣጫውም እንደ ከፍታው ያስፈልጋል። ባላውን ለሁለት እኩል የሚከፍል መስመር ከመገናኛው ወደ ላይ እንደተሰመረ ያስቡ፤ ገመዱ ይህን መስመር በቀጥታ ማዕዘን (በ90 ዲግሪ) ማቋረጥ አለበት። ለዚህ የማዕዘን መለኪያ አያስፈልግም። በሁለቱም ግንዶች ላይ ከባላው ተነሥተው በግንዱ ላይ እኩል ርዝመት ከለኩ ማዕዘኑ በራሱ ይስተካከላል። አንዱ ግንድ ይበልጥ ካዘነበለ ገመዱ ከመሬት ጋር ትይዩ አይሆንም፤ ይህ ትክክል ነውና ለዓይን እንዲያምር ብለው አያስተካክሉት።

ሁለቱን ነጥቦች በጠመኔ ምልክት ካደረጉ በኋላ በመካከላቸው ሲባጎ ይወጥሩ። ሲባጎው የገመዱን መስመር ያሳያል፤ ቀዳዳዎቹም በዚሁ መስመር ላይ መሆን ስላለባቸው ሥራው እስኪያልቅ አያንሡት።

ደረጃ 5፦ ግንዶቹን በጥቂቱ ያቀራርቡ

ሰፋፊዎቹን የጨርቅ ቀበቶዎች ከምልክቶቹ ግማሽ ሜትር ያህል ዝቅ አድርገው በሁለቱ ግንዶች ላይ ይጠምጥሙና በፓራንኮው ቀስ እያሉ ይሳቡ። ግንዶቹ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከተቀራረቡ ይበቃል። ዓላማው ፓራንኮው ሲለቀቅ ግንዶቹ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ገመዱን ራሳቸው እንዲወጥሩት ነው፤ ስለዚህ በገመዱ መካከል የሚጠመዘዝ ማጥበቂያ መግዛት አያስፈልግዎትም።

ባላው አስቀድሞ ከተሰነጠቀ ማንም ሰው ወደ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሁለቱ ግንዶች ከመሬት በሚደረስበት ከፍታ ላይ በሰፊ ቀበቶ ይታሰሩ። የሚወጣው ሰው የደኅንነት ገመድም ከሌላ ጤናማ ዛፍ ወይም አስተማማኝ መያዣ ላይ ይዋል። የተሰነጠቀ ግንድ የሰው ክብደት ሲጨመርበት ያለ ማስጠንቀቂያ ሊወርድ ይችላል።

ደረጃ 6፦ ቀዳዳውን ይብሱ

ትራፓኖውን በመያዣ ገመድ ከቀበቶዎ ወይም ከቅርንጫፍ ጋር ይሰሩት። ከውስጠኛው ገጽ፣ ማለትም ከሌላኛው ግንድ ፊት ለፊት ካለው ጎን ጀምረው፣ ፑንታውን በሲባጎው መስመር ላይ ቀጥ አድርገው ይንዱት። ቀዳዳው ከመስመሩ ከዞረ ገመዱ ቡሎኑን ወደ ጎን ይስበዋል፤ ቡሎኑም በእያንዳንዱ ነፋስ እየታጠፈ በመጨረሻ አንገቱ ላይ ይሰበራል።

የቀዳዳው ስፋት ከቡሎኑ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አይብለጥ። ሰፊ ቀዳዳ ውኃ ያስገባል፣ ቡሎኑም በውስጡ እየተንቀሳቀሰ እንጨቱን ይፈጫል።

ፑንታው የሚያወጣውን ፍቅፋቂ በመዳፍዎ ተቀብለው ይመርምሩት፤ የግንዱን ውስጥ ሳይሰነጥቁ የሚያዩበት ብቸኛ ዕድልዎ ይህ ነው። ጤናማ እንጨት ፈካ ያለ፣ የተጠቀለለና ሲጨበጥ የሚለጠጥ ፍቅፋቂ ይሰጣል፣ ትኩስ የእንጨት ሽታም አለው። ፍቅፋቂው ድንገት ጠቁሮ፣ ረጥቦ ወይም እንደ ዱቄት ደቅቆ ከወጣ፣ ወይም ፑንታው ያለ ተቃውሞ ወደ ፊት ከገባ፣ ብስባሽ ውስጥ ገብተዋል። እዚያው ያቁሙ። ቦታውን ይቀይሩ፤ ሁለተኛውም ቀዳዳ ያንኑ ካሳየ ግን ወደ ደረጃ 2 ተመልሰው ዛፉ ለገመድ የማይሆን መሆኑን ይቀበሉ።

በወይራ ላይ እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ ፑንታውን በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ እያወጡ ፍቅፋቂውን ያራግፉ፤ አለበለዚያ ግሎ ይነክሳል። ሾላና ዋርካ ሲበሱ ነጭ ወተት ያፈስሳሉ፤ ቆዳንና ዓይንን ስለሚያሳክክ ጓንትና የዓይን መከላከያ አያውልቁ። የአቮካዶ እንጨት ለስላሳ ስለሆነ ከወትሮው ሰፋ ያለ ሮንዴላ ይጠቀሙ።

ደረጃ 7፦ ቡሎኑን ያስገቡ

ቡሎኑን ቀለበቱ ወደ ውስጥ፣ ወደ ሌላኛው ግንድ እንዲመለከት አድርገው ያስገቡት። በውጭው በኩል በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ቅርፊት በሮንዴላው ልክ ብቻ በስካርፔሎ ያንሡና ሮንዴላው በእንጨቱ ላይ በቀጥታ እንዲቀመጥ ያድርጉ። በቅርፊት ላይ የተቀመጠ ሮንዴላ ቅርፊቱን ጨፍልቆ ይገድለዋል፣ ከዚያም ቡሎኑ ይላላል። እንጨቱን ራሱን ግን አይቆፍሩት።

የመጀመሪያውን ዳዶ ያጥብቁ፣ ሁለተኛውን በላዩ ላይ አድርገው ይቆልፉት። የተረፈውን የቡሎን ጫፍ በሰጌቶ ቆርጠው ጠርዙን በማርቴሎ ጥቂት ይቀጥቅጡት፤ ዳዶው በንዝረት ተፈትቶ እንዳይወጣ ይከለክለዋል።

በቀዳዳው ዙሪያ ቀለም፣ ሬንጅ፣ ጭቃ ወይም ሲሚንቶ አይቀቡ። ዛፍ ቁስሉን እንደ ሰው ሥጋ አያድንም፤ የተጎዳውን እንጨት በዙሪያው በሚሠራው ግድግዳ ከጤናማው ይለየዋል፣ ከላይም በአዲስ እንጨት ይሸፍነዋል። የተቀባ ነገር እርጥበትን ከማመቅ በቀር ለዚህ ሥራ አያግዘውም።

ደረጃ 8፦ ገመዱን ያያይዙ

ገመዱን ከመቁረጥዎ በፊት የሚቆረጠውን ቦታ ግራና ቀኝ በቀጭን ሽቦ አጥብቀው ይጠምጥሙ፤ ካልሆነ ክሮቹ ይበተኑና ወደ ቀድሞ ቅርጻቸው መመለስ አይቻልም። ቦይ ብረቱን በቡሎኑ ቀለበት ውስጥ ያስገቡ፣ ገመዱን በቦዩ ላይ ያዙሩትና 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጭራ መልሰው ከዋናው ገመድ ጋር ያስተኙት። ቦይ ብረቱ ባይኖር ገመዱ በቀለበቱ ላይ በሹል ይታጠፋል፣ የውጭዎቹ ክሮችም አንድ በአንድ ይበጠሳሉ።

በእያንዳንዱ ጫፍ ሦስት ክላምፕ ያድርጉ። ክላምፕ ሁለት ክፍል አለው፦ ጥርስ ያለው ቅስት ብረትና ገመዱ የሚያርፍበት ኮርቻ። ኮርቻው ሁልጊዜ ጭነት በሚሸከመው በዋናው ገመድ ላይ፣ ቅስቱ ደግሞ በአጭሩ ጭራ ላይ ይሁን። ቅስቱ የያዘውን ገመድ ይጨፈልቃል፤ ጭራው ላይ ቢጨፈልቅ ጉዳት የለውም፣ ዋናውን ገመድ ከጨፈለቀ ግን ከዚያው ቦታ ይበጠሳል። ሦስቱም በአንድ አቅጣጫ ይቀመጡ፤ እያፈራረቁ ማድረግ ውጭውን ያሳምረዋል እንጂ ስሕተት ነው። በክላምፖቹ መካከል ያለው ርቀት ቢያንስ የገመዱ ውፍረት ስድስት እጥፍ፣ ማለትም 6 ሴንቲ ሜትር ይሁን። አንዱን ከጭራው ጫፍ አጠገብ፣ ሁለተኛውን ከቦይ ብረቱ አጠገብ ያስሩ፣ ሦስተኛውን በመካከል ያስገቡ። ሁለቱን ዳዶዎች እያፈራረቁ እኩል ያጥብቁ፤ ለዚህ መጠን የተለመደው ጥብቀት 60 ኒውተን ሜትር ያህል ነው፣ አምራቹ ሌላ ልክ ከሰጠ ግን የእሱን ይከተሉ። በትክክል የታሰረ ጫፍም ቢሆን የሚይዘው ከገመዱ ሙሉ አቅም 80 በመቶ ያህሉን ስለሆነ በዚህ ላይ ስንፍና ሲጨመር የሚቀረው ጥቂት ነው።

ሁለተኛውን ጫፍ ሲያስሩ ገመዱን በእጅ አቅም ሙሉ በሙሉ ይሳቡት፤ በመሐል መርገብ የለበትም።

ደረጃ 9፦ ፓራንኮውን ይልቀቁና ያረጋግጡ

ፓራንኮውን ቀስ እያሉ ይልቀቁ። ግንዶቹ ሲመለሱ ገመዱ ቀጥ ብሎ ሊወጠር ይገባል። በእጅዎ ሲጫኑት ጥቂት የሚበገር ከሆነ መጠኑ ልክ ነው። እንደ ክራር ጅማት ከተወጠረ አብዝተው አቀራርበዋል፤ ይላላ፤ ዛፉ በነፋስ ጥቂት መወዛወዝ አለበት፣ ግንዱን የሚያወፍረውና የሚያጠነክረው እሱ ነውና። በአንጻሩ የረገበ ገመድ ከተቀመጠ ግንዶቹ በማዕበል ሰዓት ተንደርድረው በድንገት ይነጥሩበታል፤ ይህ ነውጥ ከቋሚ ጉተታ እጅግ የከፋ ነው።

ገመዱ ጭነት ሲይዝ ጥቂት ይቀጥናል፤ ስለዚህ ሁሉንም ክላምፖች ከተወጠረ በኋላ እንደገና ያጥብቁ።

ደረጃ 10፦ የተሰነጠቀ ባላ ከሆነ ዘንግ ይጨምሩ

ስንጥቅ በታየበት ባላ ላይ ገመድ ብቻውን አይበቃም፤ ከላይ መራራቁን ቢገድብም ስንጥቁ ላይ ያለው መንሸራተትና መጠማዘዝ ይቀጥላል። ስለዚህ ከባላው በላይ፣ የአንዱን ግንድ ውፍረት ከአንድ እስከ ሁለት እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ፣ ሁለቱንም ግንዶች ዘልቆ የሚያልፍ ባለ ጥርስ የብረት ዘንግ ይገባል። ግንዶቹ እዚያ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ካላቸው 16 ሚሊ ሜትር ዘንግ ተስማሚ ነው። ስንጥቁ ወደ ታች ከወረደ ሁለተኛ ዘንግ ከባላው በታች ስንጥቁን አቋርጦ ይግባ፤ ሆኖም ቀዳዳዎቹ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ላይና ታች አይደራረቡ። የእንጨት ጭረት ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚሄድ የተደራረቡ ቀዳዳዎች አዲስ ስንጥቅ ይጋብዛሉ። ስንጥቁን በፓራንኮ ለመግጠም ሲሞክሩ የሚጠጋውን ያህል ብቻ ይውሰዱ፤ ያረጀ ስንጥቅ በጉልበት አይገጥምም። ገመድ ከላይ ሳይኖር ዘንግ ብቻውን ማስገባትም አይፈቀድም።

ግንዶቹ ሦስት ከሆኑ

ሦስት ግንድ ላለው ዛፍ ከሁሉ የሚሻለው ሦስት ገመዶችን በሦስት ማዕዘን ማሰር ነው፤ እያንዳንዱ ግንድ በሁለት አቅጣጫ ስለሚያዝ ወደ ጎን መጠማዘዙም ይገደባል። እያንዳንዱ ገመድ የራሱ ቡሎን ይኑረው፤ በአንድ ቀለበት ላይ ሁለት ገመድ ካያያዙ የሁለቱ ጉተታ ድምር ቡሎኑን ከመስመሩ ያወጣዋል። በአንድ ግንድ ላይ ያሉት ሁለት ቡሎኖች ቢያንስ በግንዱ ውፍረት ያህል ከፍና ዝቅ ብለው ይራራቁ፤ ሁለቱ ከየአቅጣጫቸው ስለሚገቡም በአንድ ጭረት ላይ አይገጥሙም።

በተደጋጋሚ የሚታዩ ስሕተቶች

ሽቦ ወይም ገመድ በግንድ ላይ መጠምጠም። ምግብ ከቅጠል ወደ ሥር የሚወርደው ከቅርፊቱ ጋር ባለው ቀጭን ሽፋን ውስጥ ነው። ግንዱ ሲወፍር ሽቦው ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ መንገዱንም ይዘጋል። ከሥሩ የተቆረጠ የመኪና ጎማ ወይም ጨርቅ ማድረግ ጊዜውን ያራዝመዋል እንጂ ውጤቱን አይለውጠውም። ቡሎን የሚበሳው አንዲት ቀዳዳ ብቻ ስለሆነ በዙሪያዋ ያለው መንገድ ክፍት ሆኖ ይቀጥላል።

ገመዱን ከግድግዳ፣ ከአጥር ወይም ከቤት ጣሪያ ጋር ማያያዝ። ዛፉ ሲወድቅ ግድግዳውን ይዞ ይመጣል፤ ግድግዳው ደግሞ እንደ ሌላኛው ግንድ አብሮ ስለማይወዛወዝ ገመዱ ያለ ዕረፍት ይናጣል።

በገመዱ ላይ የልብስ ማስጫ፣ መብራት ወይም ዥዋዥዌ መስቀል። ተጨማሪው ጭነት ከጎን ስለሚመጣ ቡሎኑን ያጣምመዋል።

በጠንካራው የብረት ገመድ ምትክ ተራ የናይለን ገመድ መጠቀም። ለዛፍ ድጋፍ ተብለው የሚሠሩና የሚለጠጡ ሰው ሠራሽ ገመዶች አሉ፤ በቀዳዳ ሳይሆን በሰፊ ቀበቶ ስለሚያዙ ላልተሰነጠቀ ዛፍ ጥሩ ናቸው። ነገር ግን በየጊዜው መላላትና በአምራቹ በተነገረው ዕድሜ መቀየር አለባቸው። የገበያው ናይለን ግን በፀሐይ በፍጥነት ይደክማል፣ ሲደክምም አይታወቅም።

ክትትል

ከመጀመሪያው ኃይለኛ ነፋስ በኋላ ገመዱን ከመሬት ሆነው ይመልከቱ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ እንደገና በመስከረም ይመርምሩት፤ ከመሬት ሆኖ በባይኖኩላር (ሩቁን አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር) ማየት ብዙ ነገር ያሳያል፣ በየጥቂት ዓመቱ ግን የሠለጠነ ሰው ወጥቶ በእጁ ይፈትሸው። የሚፈለገው ይህ ነው፦ ገመዱ ረግቧል ወይ፣ ዝገት ወይም የተበጠሰ ክር አለ ወይ፣ ክላምፖቹ ተንሸራተዋል ወይ፣ በቡሎኑ ዙሪያ አዲስ ስንጥቅ ወይም እንጉዳይ ታይቷል ወይ፣ የባላው መስመር ሰፍቷል ወይ። አዲስ እንጨት ሮንዴላውንና ዳዶውን እየሸፈነ ከመጣ አያጽዱት፤ ዛፉ ቡሎኑን አጥብቆ እየያዘው ነው።

ዛፉ ሲያድግ የሁለት ሦስተኛው ነጥብ አብሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ የቡሎኑ ቦታ ግን ባለበት ይቀራል። በምሳሌያችን ያለው ጃካራንዳ ከባላው በላይ 12 ሜትር ሲደርስ 6 ሜትር ላይ ያለው ገመድ ከግማሹ ላይ ይቀራል፤ ያን ጊዜ 8 ሜትር ላይ አዲስ ገመድ መግባት አለበት። አዲሱ ሥራውን እስኪጀምር አሮጌውን አያንሡ። አሮጌውን ሲያነሡም ገመዱን ብቻ ይቁረጡ፣ ቡሎኑን ከግንዱ ውስጥ አያውጡት፤ መንቀሉ ዛፉ የዘጋውን ቁስል እንደገና ይከፍታል። በውስጡ ብረት መኖሩን በግንዱ ሥር በቀለም ምልክት ያድርጉ፣ ለግቢው ተረካቢም ይንገሩ፤ ወደፊት ዛፉን በሞተር መጋዝ የሚቆርጥ ሰው ሳያውቅ ቡሎኑን ቢመታ ሰንሰለቱ ተበጥሶ ሊጎዳው ይችላል።